ጉንዳኗ የጭነት መኪና ታነሳለች? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚህ ዓምድ ላይ ጉንዳን ከራሷ ክብደት ብዙ እጥፍ እንደምትሸከም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለዚያች ዓረፍተ ነገር ናቸው። ደስ ብሎኛል። ጉንዳን ሁላችንም በልጅነታችን ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብለን ያየናት ፍጥረት ናት፤ ዛሬ ዓምዱን ሙሉ ለእሷ ሰጥቻለሁ።

«እሷ» የምለው ለማቆላመጥ አይደለም። መንገድ ላይ እህል ተሸክማ የምናያት ሠራተኛ ጉንዳን ሁልጊዜ ሴት ናት። ወንዶቹ ክንፍ አውጥተው ለመራባት ይበራሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ፤ ሸክም የሚባል ነገር አያውቁም።

«ጉንዳን የሰው ያህል ብትሆን ኖሮ የጭነት መኪና ታነሳ ነበር ይባላል። ልጆቼም በስልክ አይተው ይህንኑ ይነግሩኛል። እውነት ነው?» (የሦስት ልጆች አባት፣ ከአዳማ)

አይደለም። በየቦታው ስለሚደጋገም ግን ረጋ ብዬ ላስረዳ።

የጡንቻ ጉልበት የሚወሰነው በውፍረቱ ነው። አንድን ጡንቻ እንደ ሥጋ መሐሉ ላይ በቢላ ብንቆርጠው፣ የተቆረጠው ፊት ስፋት ጉልበቱን ይነግረናል። ክብደት ግን የሚመጣው ከመላው ሰውነት ነው። የአንድን እንስሳ ቁመት፣ ወርድና ውፍረት እኩል እጥፍ ብናደርግ የጡንቻው ፊት 4 እጥፍ ሲሰፋ ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል። 10 እጥፍ ብናሳድገው ጉልበቱ 100 እጥፍ፣ ክብደቱ 1,000 እጥፍ። ሰውነት ባደገ ቁጥር ክብደት ጉልበትን እየቀደመ ይሄዳል። ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ የግዙፍ እንስሳት አጥንት ለምን ከቁመታቸው ይልቅ እየወፈረ እንደሚሄድ ያስረዳው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ያሳተመውም በ1638 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ከልጆችዎ ጋር ይቁጠሩት። 5 ሚሊሜትር የምትረዝም፣ 5 ሚሊግራም የምትመዝንና 50 እጥፍ፣ ማለትም 250 ሚሊግራም የምታነሳ ጉንዳን አለች እንበል። 300 ጊዜ እናሳድጋት፤ ርዝመቷ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ጉልበቷ 300 ሲባዛ በ300፣ 90,000 እጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ 22 ኪሎ ተኩል ታነሳለች። ክብደቷ ግን 27 ሚሊዮን እጥፍ አድጎ 135 ኪሎ ይሆናል። 135 ኪሎ ሆና 22 ኪሎ ተኩል ብቻ የምታነሳ ፍጥረት መኪና ቀርቶ የራሷን ገላ ከመሬት ማላቀቅ አትችልም። በዚያ ላይ ሳንባ የላትም። አየር የሚገባላት በጎኗ ባሉ ቀዳዳዎች ሆኖ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው፤ በዚያ ግዝፈት አየሩ በበቂ መጠን ውስጧ አይደርስም።

ልጆችዎ ይበልጥ የሚገረሙበት ግን የተገላቢጦሹ ነው። የክብደቱን ግማሽ ብቻ ማንሳት የሚችል ሰው ቁመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ 300 ጊዜ ቢቀንስ፣ በዚሁ ስሌት የራሱን ክብደት 150 እጥፍ ያነሳል። የጉንዳን ጡንቻ ከእኛ የተለየ ተአምረኛ ሥጋ አይደለም። ትንሽ መሆኗ ነው ኃይሏ። ይህን ካወቅን በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ያን ጉልበት በምን ይዛ እንደምትጠቀምበት ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። ወደሱ የሚወስደን የሚቀጥለው ጥያቄ ነው።

«አንዱ ጽሑፍ 10 እጥፍ ይላል፣ አንዱ 50፣ አንዱ 100፣ አንዱ ደግሞ 5,000። የትኛውን እንመን?» (የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ)

የተለያየ ነገር ስለሚለካ ነው ቁጥሩ የሚጋጨው። ተሸክሞ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ ይዞ መቆም ሌላ ነው፤ እስኪበጠስ መሳብ ደግሞ ሌላ።

ተሸክሞ በመሄድ ብንጀምር፣ በዕለት ሥራቸው የምናያቸው ጉንዳኖች አብዛኛውን ጊዜ ከክብደታቸው ጥቂት እጥፍ ነው የሚሸከሙት። 50 እጥፍ የሚባለው የጠንካሮቹ ጣሪያ ነው።

100 እጥፍ የሚለው ይዞ ከመቆም የመጣ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ቶማስ ኤንድላይን ባነሳው አንድ ታዋቂ ፎቶግራፍ ላይ፣ ቅጠል የምትሰፋ የእስያ ጉንዳን እንደ መስታወት በለሰለሰ ነገር ላይ ተዘቅዝቃ ተንጠልጥላ፣ በመንጋጋዋ 500 ሚሊግራም ይዛ ትታያለች። ክብደቱ ከእሷ ከ100 እጥፍ በላይ ነው። እዚህ ላይ ምስጢሩ እግሯ ነው። በእግሯ ጫፍ በቀጭን ፈሳሽ የሚረጥብ ልስልስ ትራስ አለ፤ ስትፈልግ ትዘረጋዋለች፣ ስትራመድ ትሰበስበዋለች።

5,000 የሚለው ደግሞ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በምሥራቅ አሜሪካ የሚኖሩ፣ የአፈር ጉብታ የሚሠሩ ጉንዳኖችን በቅዝቃዜ አደንዝዘው ጭንቅላታቸውን በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ አጣበቁ። ሰሌዳው በፈጠነ ቁጥር ገላቸው ወደ ውጭ እየተሳበ አንገታቸው ይወጠራል። መወጠሩ መታየት የጀመረው ከክብደታቸው 350 እጥፍ በሆነ ኃይል ሲሆን፣ አንገቱ የተበጠሰው ከ3,400 እስከ 5,000 እጥፍ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ 5,000 የአንገት መበጠሻ ልክ እንጂ የሸክም ልክ አይደለም። ያን ያህል ተሸክማ የሄደች ጉንዳን የለችም።

ቢሆንም አንገቷን ይመልከቱት። ሸክሙ ከመንጋጋ ወደ ጭንቅላት፣ ከጭንቅላት ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ስድስቱ እግሮች የሚተላለፈው በዚያች ቀጭን መጋጠሚያ በኩል ብቻ ነው። ልስልስ ነገር ከጠንካራ ነገር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቶሎ የሚቀደድ ነው፤ ጫማ የሚሰፋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በጉንዳን አንገት ላይ ግን ልስላሴው ወደ ጥንካሬ የሚሸጋገረው ቀስ በቀስ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የገረመኝ የፈረንሳይና የጃፓን ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. በኤክስሬይ ያዩት ነው። ንግሥቲቱ ለአንድ ጊዜ በረራ ክንፍ ያስፈልጋታልና ደረቷን የሞላው የክንፍ ጡንቻ ነው። ሠራተኛዋ ክንፍ የላትም። ትልቅ ቁምሳጥን የወጣበት ክፍል እንደሚሰፋ ሁሉ የእሷም ደረት ሰፍቷል፤ ያ ቦታ የአንገት፣ የእግርና የሆድ ጡንቻዎች እንዲወፍሩ ረድቷቸዋል። መብረርን ትታ መሸከምን አገኘች ማለት ነው።

«መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 30 ላይ ገብረ ጉንዳን ኃይል የሌላት ሆና ነው የተጠቀሰችው። እናንተ ደግሞ ኃይለኛ ናት ትላላችሁ። እንዴት ይታረቃል?» (ዲያቆን፣ ከጎንደር)

የሚጋጭ ነገር የለውም። ያቺ 250 ሚሊግራም የምታነሳ ጉንዳን ብርቱ ሸክሟ ከሁለት የቡና ፍሬ አይበልጥም። አንድ ወፍራም የዝናብ ጠብታ ከእሷ ብዙ ይከብዳል። ጉልበቷን ከራሷ ጋር ስናወዳድረው ታላቅ ነው፤ ከዓለም ጋር ስናወዳድረው ደካማ ናት። መጽሐፉ ደግሞ የሚያነሳት ስለ ጡንቻዋ አይደለም፤ በበጋ መኖዋን ስለ መሰብሰቧ ነው።

ይህ የመሰብሰቧ ነገር ራሱ ታሪክ አለው። በሰሜን አውሮፓ እህል የሚያከማች ጉንዳን ስለሌለ፣ የዚያ አገር አንዳንድ ሊቃውንት የጥንቱን ቃል ለረጅም ጊዜ ሲጠራጠሩት ኖረዋል። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በሜዲትራኒያን ዳርቻ ጉድጓዶቹ ተቆፍረው በዘር የተሞሉ ጎተራዎች ሲገኙ ነው የጥንቶቹ ሰዎች ዓይን ትክክል እንደነበር የታመነው።

«ማር ሲፈስ ይወሩታል፤ ግን አንዷም ተሸክማ ስትሄድ አላየሁም። ፈሳሽ በምን ይወስዳሉ?» (የቤት እመቤት፣ ከባሕር ዳር)

በሆዳቸው። ጉንዳን ከራሷ ምግብ መፍጫ በፊት አንድ ተለጣጭ ከረጢት አላት፤ የጠጣችው እዚያ ይቀመጥና ቤት ስትደርስ ከአፍ ወደ አፍ ለሌሎቹ ታካፍላለች። ስትሄድና ስትመለስ የሆዷን መጠን ያስተያዩ፤ የጠገበችው ሆዷ ተነፍቶ የቆዳዋ ሽንሽን ይታያል። ከደጃፍዎ የሚወጣው ጭነት ከሚያዩት በላይ ነው።

«መርካቶ ውስጥ በጫኝና አውራጅነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ለስምንት ለአሥር ሆነን ከባድ ዕቃ ስናነሳ ሁሌ የሚለግም አይጠፋም። ጉንዳኖችም ይለግማሉ?»

ከሁሉም በላይ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ጠያቂው ነገሩን በትከሻው ያውቀዋልና።

መጀመሪያ ስለ እኛ። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክሲሚልየን ሪንገልማን ከመቶ ዓመት በፊት ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ነበር። ሰው በጨመረ ቁጥር ጠቅላላው ኃይል ይጨምራል፤ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ግን ይቀንሳል። አንዱ ምክንያት ሁሉም እኩል «ሆ!» ብሎ በአንድ ቅጽበት አለመሳቡ ነው። ሌላው እርስዎ የጠቀሱት ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተሠራ ሙከራ ላይ፣ ሰዎች ዓይናቸው ተሸፍኖ ከኋላቸው ሌሎች እየጎተቱ እንደሆነ ተነገራቸው፤ እውነቱ ግን የሚጎትቱት ብቻቸውን ነበር። እንደዚያም ሆኖ የሚጎትቱበት ኃይል ቀነሰ። እንግዲህ አጠገብዎ ያለው ሰው ሲለግም ሁልጊዜ አስቦ ነው ማለት አይደለም፤ ገላው ሳያማክረው ይቀንሳል።

ጉንዳኖቹን በተመለከተ በ2025 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት አለ። ቀደም ብዬ የጠቀስኳት ቅጠል ሰፊ ጉንዳን ቤቷን የምትሠራው ቅጠሎችን ጎትታ በማገናኘት ነው፤ አንዷ የሌላዋን ወገብ በመንጋጋ ይዛ በሰንሰለት ይሰለፋሉ። ተመራማሪዎቹ በእውነተኛ ቅጠል ፈንታ ኃይል ከሚለካ መሣሪያ ጋር የተያያዘ የወረቀት ቅጠል ሰጧቸው። ብቻዋን የጎተተች ጉንዳን ከክብደቷ 59 እጥፍ ያህል ሳበች። 15 ሆነው ሲጎትቱ ግን የእያንዳንዷ ድርሻ ወደ 103 እጥፍ ከፍ አለ። ቀነሰ አላልኩም፤ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው።

እንዴት? በተመራማሪዎቹ ማብራሪያ የሥራ ክፍፍል አለ። ከፊት ያሉት እግራቸውን አጥፈው ይስባሉ። ከኋላ ያሉት እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው እንደ ችካል ይተከላሉ፤ ሥራቸው የተገኘው ነገር ተመልሶ እንዳይንሸራተት መያዝ ነው። ለእርስዎ በሚገባ ቋንቋ፣ ፊት ያለው «ሳብ!» ሲል ኋላ ያለው እግሩን ደረጃው ላይ ተክሎ እንደመያዝ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን ሸክም ሲከፋፈል እንደሚቀል ይነግረናል፤ እነዚህ ጉንዳኖች ጋር ግን ሸክሙ ከመቅለሉ ሌላ ተሸካሚዋም ትበረታለች። ሁሉም የጉንዳን ዘር እንዲህ ነው አልልም፤ የዚህች ዘር ልማድ ነው።

«የምኖረው ሬሆቮት ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ እዚሁ ከተማችን ጉንዳኖችን ከሰዎች ጋር አወዳድረው ጉንዳኖች አሸነፉ አለችኝ። አጋንናው ነው?» (እናት፣ ከእስራኤል)

ልጅዎ ትክክል ናት፤ ትንሽ ማብራሪያ ብቻ ይጨመርበት። ሥራው የተሠራው ከእርስዎ ብዙም በማይርቀው በቫይዝማን የሳይንስ ተቋም፣ በኦፈር ፋይነርማን ቡድን ሲሆን የታተመው በ2024 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። ጥያቄው ትልቅ አልጋ በጠባብ በር ያስወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ወጣ ገባ ቅርጽ ያለውን ዕቃ በሁለት ጠባብ መተላለፊያዎች በኩል እንዴት አዙሮ ማሳለፍ ይቻላል? ለጉንዳኖቹ ትንሽ፣ ለሰዎቹ ትልቅ፣ ቅርጹ ግን አንድ የሆነ መንገድ ተሠራላቸው።

ብቻ ለብቻ ሲሆን ሰው አሸነፈ፤ አስቀድሞ ማሰብ ይችላልና። በቡድን ሲሆን ግን ጉንዳኖቹ በበዙ ቁጥር ተሻሻሉ፤ ወደ አንድ ግድግዳ ሲጠጉ አብረው አቅጣጫቸውን ይዘው ስለሚቀጥሉ በአንድ ስህተት ላይ ደጋግመው አይመለሱም። ሰዎቹ በመብዛታቸው አልተሻሻሉም። ማስክና ጥቁር መነጽር አድርገው እንዳይነጋገሩ ሲከለከሉማ ጭራሽ ባሰባቸው። ጉንዳኖቹ በልጠው የታዩት እዚህ ላይ ነው።

የዚሁ ቡድን የ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ ከዚህም ይበልጥ ልብ ይነካል። ረጅም አንቴና ያላት፣ ወዲያ ወዲህ የምትቅበዘበዝ ትንሽ ጥቁር ጉንዳን አለች፤ ሞቃት አገር ሁሉ በየቤቱ ትገኛለች። ብዙ ሆነው ምግብ ሲሸከሙ ከፊት ያሉት ይጎትታሉ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ከመሬት እንዳይጋጭ ከፍ አድርገው ይይዙታል። ተሸካሚዎቹ መንገዱን በደንብ አያውቁትም። አንዲት ከውጭ የመጣች፣ ቤቱ ወዴት እንደሆነ የምታውቅ ጉንዳን ትይዝና ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ትስባለች፤ ሌሎቹም ይከተሏታል። ይህ ዕውቀቷ የሚቆየው ግን ከ10 እስከ 20 ሰኮንድ ብቻ ነው። ከዚያ እሷም ከተሸካሚዎቹ እንደ አንዷ ትሆንና ሌላ አዲስ መጥታ መንገድ ታሳያለች። ለሃያ ሰኮንድ ብቻ መሪ መሆን፤ ከዚያ ሸክሙ ውስጥ መቀላቀል።

«አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር አያት ነኝ። የልጅ ልጄ አንዲት ጉንዳን ሌላ ጉንዳን ተሸክማ ስትሄድ አይቶ ‹ሞታ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?»

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱንም ራሱ ማየት ይችላል። የሞተች ከሆነች ተሸካሚዋ ከቤት ርቃ ወደ ቆሻሻ መጣያቸው ትወስዳታለች። በሕይወት ያለች ከሆነች እግሯን እጥፍጥፍ አድርጋ እንደ ሕፃን ትሰበሰባለች፤ ለመሸከም እንድትመች ማለት ነው። ቤት ሲቀይሩ መንገዱን የምታውቀው የማታውቀዋን እንዲህ አድርጋ ትወስዳታለች።

አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ምስጥ የሚያድኑ፣ ሜጋፖኔራ የሚባሉ ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖች አሉ፤ እነሱ ቁስለኛ ይሸከማሉ። በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. ከአይቮሪ ኮስት የኮሞዌ ብሔራዊ ፓርክ የወጡት ጥናቶች እንደሚሉት፣ ከምስጦች ጋር ተዋግታ አንድ ሁለት እግር ያጣችውን ጓደኞቿ አንስተው ወደ ቤት ይመልሷታል፤ ቤትም ቁስሏን ይልሱላታል። ክፉኛ የተጎዳችው ግን ስትንፈራገጥ ለማንሳት አትመችምና እዚያው ትቀራለች። ይህን የመጨረሻውን ለልጁ መንገር አለመንገሩን ለእርስዎ ልተው።

«ጉንዳን ታረጃለች? ስታረጅስ ሸክሙን ትተዋለች?» (ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ከደሴ)

ታረጃለች። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩ ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች መንጋጋቸው ዚንክ ያለበትና እንደ አዲስ ምላጭ የሰላ ነው፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲቆርጡበት ይዶለዱማል። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት፣ ጥርሷ ያለቀባት ጉንዳን በግማሽ ፍጥነት ነው የምትቆርጠው። በዚህ ጊዜ መቁረጡን ለወጣቶቹ ትታ የተቆረጠውን ትሸከማለች። ስለዚህ እትዬ፣ ስታረጅ ሸክሙን አትተወውም፤ ወደ ሸክሙ ነው የምትዞረው።

«የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለሳይንስ ክበባችን ጉንዳን የምትሸከመውን መለካት እፈልጋለሁ፤ መሣሪያ ግን የለንም።» (ከደብረ ብርሃን)

ብዙ መሣሪያ አያስፈልግሽም። አንድ የስንዴ ፍሬ በቤት ሚዛን አይመዘንም፤ መቶ ፍሬ ግን በወርቅ ሰሪ ሚዛን ይመዘናል። አራት ግራም አካባቢ ካገኘሽ አንዱ ፍሬ 40 ሚሊግራም ነው ማለት ነው። 5 ሚሊግራም ለምትሆን ጉንዳን 8 እጥፍ ሸክም ነው። የጤፍ ፍሬ ግን የአንድ ሚሊግራም ሲሶ ገደማ ነው፤ ለእሷ የኪስ ዕቃ ነው። ስንዴ፣ የተከካ ስንዴ፣ ምስርና ጤፍ በመንገዳቸው ዳር በትንሽ በትንሹ አስቀምጪ። የትኛውን አንስታ እንደሄደች፣ የትኛውን ጎትታ እንደወሰደች፣ የትኛውን ቀምሳ እንደተወች ጻፊ። የአንድ ሜትር መንገድ በስንት ሰኮንድ እንደጨረሰች በስልክ ለኪ፤ ባዶዋን ስትሄድና ተሸክማ ስትሄድ ያለውን ልዩነት ታገኛለሽ። ለማለዳ ብርድ አትውጪ፤ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀ በኋላ ነው በደንብ የሚሠሩት።

አንድ ነገር ልብ በይ። ከባድ ነገር የምትጎትት ጉንዳን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው፤ የምትሄድበትን አታይም። እየጎተተች ሳለ ድንገት ጭነቷን ጥላ ወደ ፊት ዞር ስትል ተስፋ የቆረጠች እንዳይመስልሽና እንዳትሰርዢያት። በበረሃ ጉንዳኖች ላይ የተደረገ የ2017 እ.ኤ.አ. ጥናት እንዳሳየው፣ ዞር የምትለው መንገዱን ለማየት ነው፤ አቅጣጫዋን አስተካክላ ተመልሳ ታነሳዋለች። ስንት ጊዜ ዞር እንዳለችም ቁጠሪ። ሠንጠረዡን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ።